አንድ ጊዜ የታጠበ ድንች

አለቃዬን ክፍሉን የተበቀልኩት በድንች ነው። ሽጉጥ አልነበረኝም፤ ካድሬ ዘመድም አልነበረኝም፤ የምከስበት ፍርድ ቤት ደግሞ በዚያን ዘመን ማን አይቶት! ድንች ማጠብ ግን በአስመራ ከተማ ከእኔ የተሻለ የሚችልበት ሰው አልነበረም። አጥቦ ማበላሸትም እንደዚሁ።

ትበርህ እባላለሁ። የምግብና የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ነበርኩ። የከተማው ወተት፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ሰው በልቶት የታመመበት ትራፊ ሁሉ በብልቃጥ ተደርጎ ወደ እኛ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ቅንጣት ወስደን በብርጭቆ ሳህን ላይ እንዘራለን፤ በማግስቱ ምን እንደበቀለ እናያለን። የምናምነው የበቀለውን ነው፤ ሰው የሚለውን አይደለም። ሥራዬን የወደድኩት ለዚህ ነበር።

ክፍሉ አለቃችን ነው። ከመሀል አገር ተሹሞ የመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ነጭ ጋዋኑን ለፎቶግራፍ ካልሆነ የማይለብስ ሰው። «ዶክተር» ሲሉት ደስ ይለዋል፤ የት እንደተማረ ግን ማንም ደፍሮ ጠይቆት አያውቅም። ላቦራቶሪው ውስጥ ከበሩ እልፍ ብሎ ሲገባ ያየሁት በዓመት አራት ወይም አምስት ጊዜ ቢሆን ነው።

ነገሩ የጀመረው መስከረም 2 ቀን 1977 ነው፤ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተከበረ ዕለት። ታላቅ ወንድሜ ዘርእዝጊ የመኮንኖች ምግብ አብሳይ ነበር። ከጣሊያን አብሳዮች ሥር ሆኖ በልጅነቱ የተማረ፣ በጥሬ እንቁላል ማዮኔዝ ሲመታ እጁ የማይታይ ሰው። ለበዓሉ ትልቅ ግብዣ አዘጋጀ። በማግስቱ ሃምሳ ሦስት ሰው ተኝቶ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል። በሦስተኛው ቀን አንድ ሻምበል ሞተ።

ትራፊው ወደ እኛ መጣ። እኔ ነኝ የዘራሁት። ከማዮኔዙም፣ ገና ካልተሰበሩት እንቁላሎችም ላይ አንድ ዓይነት ነገር በቀለ፤ መሀሉ እንደ ዓሣ ዓይን የጠቆረ። ሳልሞኔላ ነው። ከዶሮ እርባታው ከእንቁላሉ ጋር መጥቷል ማለት ነው፤ አብሳዩ ምንም ሊያደርግ አይችልም። የዘርእዝጊን አውራ ጣትም ቢላ ቆርጦት ስለነበር ጠርገው ልከውልን ነበር፤ ከእሱ የበቀለው ወርቃማ ቀለም ያለው ሌላ ጀርም ነው። ያ ደግሞ በማንኛውም ጤነኛ ሰው ቆዳና አፍንጫ ላይ ይገኛል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ያንን እንቁላል «ለምግብ ተስማሚ ነው» ብሎ ማኅተም የመታበት ክፍሉ ነበር። አንዲት እንቁላል እንኳ ወደ እኛ ሳይልክ፣ ከእርባታው ኃላፊ ጋር ቢራ እየጠጣ ነው የመታው። ቢሮው አስጠርቶኝ ከበስተኋላዬ በሩን ዘጋው።

«ትበርህ፣ ወንድምሽ እንደሆነ አውቃለሁ» አለኝ፤ ድምፁ እንደ ወላጅ ለስልሶ። «በመዝገቡ ላይ ግን የምንጽፈው የጣቱን ነው። የእንቁላሉን ሳህን ጣይው።»

«ዶክተር፣ የጣቱ እኮ ከእኔም ከእርስዎም አፍንጫ ይበቅላል። ሰውየውን የገደለው እንቁላሉ ነው።»

«ስሚ። ካልፈረምሽ እህቱ ስለሆነች ደበቀችለት ይባላል፤ ሁለታችሁም ትገባላችሁ። ከፈረምሽ ደግሞ የንጽሕና ጉድለት ነው፤ ከሥራ ይወጣል፣ አለቀ። እኔ አለሁለት።»

ፈረምኩ። የእሱ ፊርማ ከላይ፣ የእኔ ከታች። ፊርማዬ ዛሬም ሳየው ቀጥ ያለ ነው።

ወረቀቱን ያነበቡት ሰዎች «የንጽሕና ጉድለት» የሚለውን «ሆን ብሎ» አደረጉት። ዘርእዝጊ የጦር መኮንኖችን የመረዘ ወንበዴ ተባለ። ሰባት ወር ታሰረ። በስምንተኛው ወር ስንቅ ይዤ ስሄድ ሰሃኑን መለሱልኝና ልብሱን ጨመሩልኝ፤ ሬሳውን አልሰጡንም። «እኔ አለሁለት» ያለው ክፍሉ በሳምንቱ የሐዘን ፈቃዴን ሲፈርም፣ ከሦስት ቀን በላይ እንዳልቆይ አስጠነቀቀኝ።

ከወንድሜ ሞት የባሰብኝን ልንገራችሁ፤ የእናቴ ነገር ነው። እናቴ ኣምለሰት በእዳጋ ሓሙስ ሰፈር ድግስ ያለበት ቤት ሁሉ ቀድማ የምትጠራ ሴት ነበረች። ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠራትም። የማርያም ማኅበር ተራዋ ደርሶ ዝግኒ ወጧን ሠርታ ስታቀርብ፣ አንዷ ሆዴን አሞኛል አለች፣ ሌላዋ ጾም ላይ ነኝ አለች፣ የቀሩት ሻሂ ብቻ ጠጥተው ሄዱ። ጎረቤቶቻችን ክፉዎች አልነበሩም፤ ፈርተው ነው። ከመርዘኛ እናት እጅ ማን ይበላል? ድስቱ ሞልቶ እንደነበረ ተቀመጠ። እናቴ አላለቀሰችም፤ ቁጭ ብላ እጆቿን ገልበጥ እያደረገች ታያቸው ነበር።

እዚያው ማልኩ። ያ መዝገብ በክፍሉ በራሱ እጅ ይስተካከላል፤ እናቴ የሠራችውን ሰው ይበላል፤ ክፍሉም ዘርእዝጊ የቀመሳትን ይቀምሳታል። ሌላ ነገር አልፈለግሁም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ከመሥሪያ ቤታችን ወገን ለቅሶ የደረሰችን የክፍሉ ሚስት ላቀች ብቻ ናት። የደሴ ሴት ናት። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ተከናንባ፣ ማኪናውን ሩቅ አስቁማ በእግሯ መጣች። መሬት ላይ ከእናቴ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ስሙን ጠየቀችኝ፤ «ዘርእዝጊ» ስላት ደጋግማ እስክትለምደው ድረስ አለችው። ባሏ ምን እንዳደረገ አታውቅም ነበር።

ከዓመት በላይ ጠበቅሁ። በ1979 ጥቅምት እንደገባ ክፍሉ ከውጭ አገር የመጣ መጽሔት ይዞ ላቦራቶሪ ገባ። ካንሰርን የሚከላከሉ ዕፅዋትን በርካሽ መፈተኛ ዘዴ ተገኝቷል ይላል፤ የሚያስፈልገው ድንች ነው። ዘዴው ቀላል ነው። በዕፅዋት ላይ ዕጢ የሚያበቅል አንድ ባክቴሪያ አለ። ድንች በስሱ ተቆርጦ ባክቴሪያው ሲጨመርበት በሁለት ሳምንት ውስጥ ዕጢ ያወጣል። አዮዲን ሲፈስበት ድንቹ ይጠቁራል፣ ዕጢዎቹ ግን ቀለም ስለማይቀበሉ ነጭ ነጥብ ሆነው ይቀራሉ። ከባክቴሪያው ጋር የቅጠል ጭማቂ ጨምራችሁ ነጩ ነጥብ ካልታየ፣ ቅጠሉ ዕጢ ይከለክላል ማለት ነው። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ ጭማቂ ያልነካው፣ ውሃ ብቻ የተጨመረበት ድንች ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ ማነጻጸሪያ እንለዋለን። በእሱ ላይ ዕጢ መብቀል አለበት፤ ካልበቀለ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሾፌራችን በርሄ ከፓራዲዞ ሰፈር ማዶ ካሉት ጋራዎች ታሕሰስ የሚባለውን ቁጥቋጦ በጆንያ አመጣ። እኔ ቅጠሉን አድርቄ፣ ወቅጬ፣ ዘፍዝፌ ጭማቂ አወጣሁ። ድንቹን ቆዳው ላይ ያለው ጀርም እንዲሞት በበረኪና እንዘፈዝፈዋለን፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ሦስት ጊዜ እናጥበዋለን። ሦስት ጊዜ መታጠቡ ግድ ነው፤ በረኪናው ከቀረበት የምንጨምረውን ባክቴሪያም ይገድለዋል።

በዚያ ሰሞን ግን ውሃ በፈረቃ ነበር፤ ከዚያም ጭራሹን ጠፍቶ ዘጠኝ ቀን ቆየ። በጀሪካን የቀረችኝ ውሃ ትንሽ ስለነበረች ድንቹን አንድ ጊዜ ብቻ አጠብኩት። በሁለት ሳምንቱ አዮዲን ሳፈስበት ድንቹ በሙሉ ጥቁር ሆነ፤ አንድ ነጭ ነጥብ የለም። ማነጻጸሪያውም ጥቁር ነው። ወዲያው ገባኝ፤ በረኪናው ነው። ሥራው ሁሉ ተበላሽቷል ብዬ ሳህኖቹን ልደፋ ስነሳ ክፍሉ ገባ።

ሳህኖቹን አየ። መጽሔቱን አየ። ፊቱ በራ።

«አንድም ዕጢ የለም!» አለ። «አንድም!»

አፌን ከፈትኩ። እውነቱን ልነግረው ነበር፤ እምላለሁ። ማነጻጸሪያው የታል ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። እሱ ግን ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

«እጅሽ የተባረከ ነው። ስምሽን ግን በጥናቱ ላይ አላስገባውም፤ የወንድምሽ ጉዳይ አለ፣ ይገባሻል።»

አፌን ዘጋሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራዬ ልዩ ሆነ። የማነጻጸሪያውን ድንች ሦስት ጊዜ አጥባለሁ፤ ዕጢው ያምራል፣ በነጭ ነጥብ ይዥጎረጎራል። ጭማቂ የሚጨመርበትን አንድ ጊዜ ብቻ አጥባለሁ፤ እንከን የለውም። ታሕሰስ የሚሠራው ሥራ የለም፤ የሚሠራው በረኪናው ነው። ክፍሉ አንድ ጊዜ እንኳ ቆሞ ሳጥብ ቢያይ ኖሮ ያውቅ ነበር። እጁን ማርጠብ አይወድም። ሪፖርቱን ብቻ ይወስዳል፣ ስሙን ብቻ ይጽፋል። ለሚያዝያ ከአዲስ አበባ የሊቃውንት ኮሚሲዮን እንዲመጣ ተወሰነ፤ ሙከራውን በፊታቸው በራሳቸው ድንች ይደግማል። በራሳቸው ድንች፣ በራሳቸው እጥበት! ማታ ማታ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ያንን ቀን እያሰብኩ እስቅ ነበር፤ «ምን አገኘሽ?» ስትለኝ «ምንም» እላታለሁ።

ያልጠበቅሁት የጠርሙሱን ነገር ነው። ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ክፍሉ የታሕሰስ ጭማቂ በየቅዳሜው በጠርሙስ እንዳዘጋጅለት አዘዘኝ። በርሄ ሊወስድ ሲመጣ ጠየቅሁት።

«ናይ ወይዘሮ ላቀች እዩ፤ የእሷ ነው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባታል። ትንሽ ነገር ናት፣ እንደ ሽንብራ። ሐኪሙ አዲስ አበባ ሄዳ ቶሎ ትቆረጥ አለ። ዶክተር ግን እንቢ አለ፤ መድኃኒቱ በእጄ እያለ ሚስቴ አትቆረጥም ብሎ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ልዋሽ እችል ነበር። አላወቅሁም፣ አልገመትኩም ማለት ይቻላል። አውቄያለሁ። ጠርሙሱን በርሄ እጅ ላይ አኖርኩ፤ በሚቀጥለውም ቅዳሜ አኖርኩ። ባልዋ ያመጣው ጣጣ ነው፣ ባልዋ ይወጣው አልኩ። የእኔ ወንድም ሲታሰር ማን ጠየቀኝ? ለቅሶ ቤታችን የተቀመጠችበት ቦታ ትዝ ሲለኝ ደግሞ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ወደ ድንቼ እመለስ ነበር። ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ አለፈ፣ ጥር አለፈ፣ የካቲት አለፈ።

መጋቢት ላይ፣ ሰኞ ቀን፣ ላቀች ራሷ ላቦራቶሪ መጣች። ከስታለች። ነጠላዋን አጣፍታ ሳትቀመጥ በሩን ዞር ብላ አየችው።

«ክፍሉ መምጣቴን አያውቅም» አለች። «ትበርህ፣ አንቺ ነሽ አሉኝ በእጅሽ የምትሠሪው። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እያዳነኝ ነው?»

«ወይዘሮ ላቀች፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እሳቸውን...»

«እሱን አልጠየቅሁም። እጅሽን ስጪኝ።»

እጄን ይዛ በነጠላዋ ሥር አስገባችና ብብቷ አጠገብ አስነካችኝ። ጠንካራ ነው። እንደ ሎሚ ሆኗል። ሽንብራ የነበረው እንደ ሎሚ ሆኗል። እጄን መንጠቅ ፈለግሁ፤ አልለቀቀችኝም፣ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«ዶክተርን ይጠይቋቸው» አልኳት በመጨረሻ። ራሷን ነቅንቃ ሄደች።

ከሰኞ እስከ ሐሙስ ዝም አልኩ። ኮሚሲዮኑ ሊመጣ አምስት ሳምንት ነበር የቀረው። አምስት ሳምንት ብታገሥ ክፍሉ በሊቃውንቱና በካድሬው ፊት ይዋረድልኛል፤ ሁለት ዓመት ያህል የጠበቅሁት ይኸንን ነው። እጄን ደጋግሜ በሳሙና ታጠብኩ። ያ ጠንካራ ነገር ከጣቴ ጫፍ አልለቅ አለኝ።

ሐሙስ ጧት ሁለት ትሪ ድንች ይዤ፣ በጋዜጣ ሸፍኜ፣ የ1977ን መዝገብ በብብቴ አድርጌ ቢሮው ገባሁ። ሳይፈቅድልኝ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሻል? ተነሺ!» አለ።

«ከዚህ ጋዜጣ በታች የሚስትህ ሕይወት ነው ያለው» አልኩት። በዘጠኝ ዓመት ሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። «እውነቱን በሆድህ ታውቀዋለህ፤ ስለ እንቁላሉ ጻፈው፣ ፈርም፣ ማኅተም ምታበት። ከዚያ እገልጠዋለሁ።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ አለቀበት። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ሳምንቱ በጨመረ ቁጥር ለእሷ ይብስባታል፤ ለእኔ ምንም አይደል።»

«አስይዝሻለሁ። አሁኑኑ ስልክ ብደውል...»

«ደውል። እኔ ስገባ ከጋዜጣው ሥር ያለውም አብሮኝ ይገባል።» ትሪዎቹን አንስቼ ወደ በሩ ሄድኩ። እጀታውን ስይዝ «ቆይ» አለኝ።

ጻፈ። እኔ ነኝ ያጻፍኩት፣ ቃል በቃል። በመስከረም 1977 የሞተው ሰው በሽታ ከእንቁላሉ የመጣ ሳልሞኔላ መሆኑን፤ እንቁላሉ ያለ ምርመራ በእሱ ማኅተም ማለፉን፤ አብሳዩ ዘርእዝጊ ጥፋት እንደሌለበት። ሦስት ቅጂም በእጁ አስጻፍኩት፣ ማኅተም አስመታሁበት። ፊቱ ላብ በላብ ሆኖ ነበር። ሲጨርስ መዝገቡን ከነቅጂዎቹ ወደ እኔ ገፋውና ብዕሩን ወረወረልኝ።

«የድሮው ላይ ሁለት ፊርማ አለ» አለኝ። «እርማቱም ሁለት ይፈልጋል። ወይስ የፈረምኩት ብቻዬን ነው?»

በሠላሳ ወር ውስጥ ከአፉ የወጣ እውነት ይኸው ብቻ ነበር። በመዝገቡም በሦስቱም ቅጂ ላይ ፈረምኩ።

ጋዜጣውን ገለጥኩት። በአንዱ ትሪ ያለው ድንች ነጭ ነጥብ ሞልቶታል፤ በሌላው ያለው ጥቁር ነው።

«የትኛው ነው ታሕሰስ ያለበት?» አልኩት።

ጥቁሩን አሳየኝ።

«በሁለቱም የለበትም። ይኸኛው ሦስት ጊዜ ታጥቧል፣ ያኛው አንድ ጊዜ። ፈውስህ በረኪና ነው።»

 በሹክሹክታ «ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ። «ከጥቅምት» አልኩት።  «ሚስቴን ገደልሽብኝ» አለ። «አንተ በሳህን፣ እኔ በድንች» አልኩት። ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ደስ አለኝ። ከሶኝ የትም አይደርስም፤ ሊከሰኝ ሲነሳ አምስት ወር ሙሉ አንድ ድንች ሲታጠብ እንዳላየ ሊናገር ነው።

የክፍሉን መጨረሻ ላሳጥረው። ሁለተኛውን ቅጂ ለኮሚሲዮኑ ላክሁት። አልልክም ብዬ ቃል ገብቼለት ነበር? አልገባሁም። በግንቦት የደህንነት ሰዎች መጥተው ከቢሮው ወሰዱት፤ ጋዋኑ ከበሩ ጀርባ ተሰቅሎ ቀረ።

አንደኛውን ቅጂ ዓርብ ዕለት ለእናቴ ወሰድኩላት። የማኅበሩን ሴቶች ጠራሁና በፊታቸው በትግርኛ እየመለስኩ አነበብኩት። ፊርማዎቹ ጋ ስደርስ አጠፍኩት። የሰፈሩ ትልቅ እናት ወይዘሮ ዘቢብ ተነስተው «ኣምለሰት፣ በሊ እስኪ፣ እንታይ ኣሎኪ ዝብላዕ?» አሉ። የሚበላ አምጪ ማለታቸው ነው። እናቴ የቀረበውን ሁሉ ሲበሉላት ቆማ አየች። ሌሊቱን ሕምባሻ ስትጋግር አድራ ጧት በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችኝ፤ ለቅሶአችን ለመጣችው ለዚያች ሴት ለመንገዷ ስጪልኝ ብላ። ላቀች ያን ቅዳሜ አዲስ አበባ ልትሄድ ነበር።

ገጀረት ሰፈር ቤታቸው ስደርስ ላቀች በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ሻንጣዋ አጠገቧ ነው። ክፍሉ ቀድሞ አየር ማረፊያ ሄዷል።

«ነይ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ። «ነግሮኛል። ስህተቱን ሐሙስ ዕለት እንዳገኘሽ ሮጠሽ ነገርሽው አይደል? የቐንየለይ።» አመሰግናለሁ ማለቷ ነው፤ ያች አንዲት ቃል ናት ከቋንቋችን ደህና አድርጋ የምትላት።

«ምንም አይደል» ብዬ መሄድ ነበረብኝ። ክፍሉ ለራሱ ብሎ የዋሸው ውሸት እኔንም ሸፍኖኛል። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትጠበቅብኝ፤ እምቢ አለችኝ።

«ሐሙስ አይደለም» አልኳት። «በጥቅምት ነው ያወቅሁት። ጠርሙሱ ለእርስዎ እንደሆነም አውቅ ነበር።»

 እጇ በነጠላዋ ሥር ሄደ። «ለምን?» አለች።

ሦስተኛውን ቅጂ ሰጠኋት። ቀስ ብላ አነበበችው፣ ደግማ አነበበችው።

«ይህ የክፍሉ ጽሕፈት ነው» አለች። ጣቷን ወደ ታች አወረደች። «ይህ ደግሞ ያንቺ ፊርማ ነው። የድሮውም ላይ አለሽበት?»

«እወ» አልኳት። «አለሁበት።»

ወረቀቱን አጥፋ መለሰችልኝ።

«ዘርእዝጊ ስንት ወር ታሰረ?» ስሙን አልረሳችውም።

«ሰባት።»

«እኔ ጠርሙሱን የጠጣሁትስ?»

«አምስት።»

 «እንግዲያው ከበቀልሽ ገና ሁለት ወር ይቀርሻል» አለችኝ።

በርሄ ከታች ክላክስ አሰማ። ላቀች ስትነሳ በእጄ የያዝኩትን ጥቅል አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሕምባሻ ነው፣ ለመንገድዎ ብላ እናቴ ናት የላከችው አልኳት።

«የጋገረችው እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ከእሷ እጅ ከሆነ እበላዋለሁ» ብላ ተቀበለችኝ። ሻንጣዋን ላነሳላት ጎንበስ ስል ግን ቀድማኝ ያዘችው። «ተዪው፣ አንቺ አትንኪው» አለችና በደህናው ክንዷ ተሸክማ ደረጃውን ወረደች።